ከጌም ቤት ባንኮኒ በስተኋላ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአራት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ተዘጋጅቶ በአዳራሹ የተነበበ ንግግር)






በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ሳይንስ መራመድ ከኛ በፊት የተናገሩ ጓደኞቻችን በሚገባ ተናግረዋል። እኛ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ከዚያ ሁሉ ዝቅ ያለ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም በጌም ቤት ባንኮኒ ቆሞ መሥራት ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ነው። ርእሱ ሲነበብ ከተማሪዎች አንዳንዶቹ ፈገግ ብለዋል፤ ከወላጆቻችን ደግሞ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ማጥቆራቸው አልቀረም። ሁለቱም አያስቀይመንም። ጌም ቤት ብዙ ሰው የሚያማው፣ ጥቂት ሰው ግን ገብቶ ያየው ቦታ ነውና፣ ገብተን የሠራን ልጆች ያየነውን ብንናገር ለሚያማውም ለሚወደውም ይጠቅማል ብለን አሰብን።

እኛ አራት ነን፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። ባለፈው ክረምት በሐምሌና በነሐሴ በሁለት ጌም ቤቶች ተቀጥረን ሠራን፤ ትምህርት ከተከፈተም ወዲህ፣ ትምህርት ቤታችን በፈረቃ የሚያስተምር ስለ ሆነ፣ ትርፍ በሆነው ግማሽ ቀን እየተተካካን እንሠራለን። ለደብተርና ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ አግኝተንበታል፤ ስለዚህም አናፍርበትም። ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበን አንድ ጥያቄ አለ። ዳቦ የሚሸጥ ሰው ዳቦ ይሸጣል፤ ጨርቅ የሚሸጥም ጨርቅ ይሸጣል። በጌም ቤት ባንኮኒ የቆመ ሰው ግን የሚሸጠው ጊዜ ነው፤ ያውም የራሱን ጊዜ ሳይሆን የገዢውን። እንግዲህ ለሰው የራሱን ጊዜ መልሶ የሚሸጥለት ነጋዴ፣ ለገዢው ምን ዕዳ አለበት? ንግግራችን በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይሆናል።

በመጀመሪያ ቤቱን ለማያውቁት እናስተዋውቅ። ጌም ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በግድግዳው ጥግ አራት ወይም አምስት ቴሌቪዥኖች ይደረደራሉ፤ ከያንዳንዱ ሥር ፕሌይስቴሽን የሚባለው መሣሪያ ይቀመጣል፤ ተጫዋቾቹም ጆይስቲክ የሚባለውን መቆጣጠሪያ በእጃቸው ይዘው በአግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ባንኮኒው በበሩ አጠገብ ነው። በላዩ የሒሳብ ደብተርና ሰዓት አለ፤ ከበስተኋላው ባለው መደርደሪያ ላይ ለሽያጭ የቀረቡ ጆይስቲኮች፣ ገመዶች፣ ዲስኮችና ያገለገሉ መሣሪያዎች ይታያሉ። ደንበኛው ወይ ይጫወታል፣ ወይ ይገዛል፣ ወይ የተበላሸበትን ያሳያል፣ አለዚያም ቆሞ ያያል። ቆሞ የሚያየው ከሚጫወተው ይበዛል፤ የሚጮኸውም እርሱ ነው። አባቶቻችን በወጣትነታቸው ከረምቦላና ጆተኒ ቤት ያዩትን ቢያስታውሱ ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ይህ ጨዋታ ከየት እንደ መጣ ጥቂት ብንናገር መልካም ነው። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር እየተገናኘ የሚሠራ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ስሙ ኦዲሴይ ይባል ነበር፤ የነደፈውም ከጀርመን አገር ተሰዶ በአሜሪካ የኖረው መሐንዲስ ራልፍ ቤር ነው። በዚያው ዓመት አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግ የሚባል፣ ሳንቲም እየተከተተበት የሚሠራ የኳስ ጨዋታ አዘጋጅቶ በካሊፎርኒያ በሰኒቬል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት አቆመ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ «መሣሪያው አልሠራ አለ» ተብሎ መሐንዲሱ ተጠርቶ ቢሄድ፣ የሳንቲሙ ማጠራቀሚያ ሞልቶ አገኘው ይባላል። ከዚያ በኋላ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽንን እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሁለተኛውን ፕሌይስቴሽን ደግሞ በ2000 አወጣ። ይህ ሁለተኛው ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ፣ በዓለም እጅግ ብዙ ከተሸጡት የጨዋታ መሣሪያዎች አንዱ ሆነ።

ልብ በሉ፤ ይህ መሣሪያ ለአንድ ቤተ ሰብ ተብሎ የተሠራ ነው። በሌላ አገር አንድ ልጅ በመኝታ ክፍሉ ለብቻው ይዞት ይቀመጣል። በኛ ሰፈር ግን ዋጋው ከብዙ ቤት አቅም በላይ ስለ ሆነ አንዱ መሣሪያ ለመንደር ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ብቻውን ሊገዛው የማይችል ልጅ ከሌላው ጋር በጥቂት ብር ይካፈለዋል። ባንኮኒውም የተፈጠረው ከዚህ የተነሣ ነው። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ተራ የሚጠብቅለት አያስፈልግም፤ ብዙዎች በአንድ ነገር ሲካፈሉ ግን ተራ የሚያስከብር ሰው የግድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሥራው የሚጀምረው በመጥረጊያ ነው። አቧራ የጨዋታ መሣሪያ ጠላት ነው፤ በአየር ማስወጫው ገብቶ ማራገቢያውን ካፈነው መሣሪያው ግሎ ይጠፋል። ስለዚህ ጧት ከመከፈቱ በፊት ወለሉን ውሃ ረጭተን እንጠርጋለን፣ መሣሪያዎቹንም በደረቅ ጨርቅ እንወለውላለን። ቀጥሎ ጆይስቲኮቹ ይመረመራሉ። በቀን መቶ እጅ የሚነካው ጆይስቲክ በላብና በእድፍ ይያዛል፤ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። በአውራ ጣት የሚንቀሳቀሰው ዘንግ ከሥሩ ያለው ክፍል በመፋተግ ብዛት ሲያልቅ፣ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ አንድ ወገን እየሮጠ ያስቸግራል። ይህ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን የተበላሸ ጆይስቲክ ለአንዱ፣ ደኅናውን ለሌላው ሰጥቶ ከሁለቱም እኩል ማስከፈል በጎደለ ሚዛን እንደ መሸጥ ያለ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱን ጆይስቲክ ራሳችን ከሞከርን በኋላ እንሰጣለን፤ ምርጫውንም በዕጣ እናደርጋለን።

በሽያጭ በኩል ደግሞ የሚያስፈልገው እውነትን መናገር ነው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ለልጆች ስጦታ ብለው የቆየ ፕሌይስቴሽን ይልካሉ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኛ ደግሞ 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠራው የቀድሞው ሁለተኛ ፕሌይስቴሽን ያለ መቀነሻ በኛ ሶኬት ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ያገለገለ መሣሪያ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሲኖር፣ ገልብጠን ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር እናሳየዋለን፤ መቀነሻ የሚያስፈልገው ከሆነም ከመክፈሉ በፊት እንነግረዋለን። ከተነገረው በኋላ ገንዘቡን መልሶ ኪሱ የሚከት አለ። ይህ ለሱቁ ኪሳራ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ያ ሰው ሌላ ጊዜ ወንድሙን ይዞ ሲመጣ አይተናል።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ልጅ ፕሌይስቴሽን በፎጣ ጠቅልሎ ሊሸጥ መጣ። ዋጋ ስንነግረው ሳይከራከር «እሺ» አለ። ባንኮኒ ያስተማረን አንድ ነገር ይህ ነው፤ ዕቃው የራሱ የሆነ ሰው ይከራከራል፤ የማይከራከር ሻጭ ወይ ቸኩሏል፣ ወይ ፈርቷል። በሱቁ ልማድ መሠረት፣ ከልጅ ዕቃ የምንገዛው ታላቁ ሲገኝ ብቻ ስለ ሆነ፣ «ነገ ከቤትህ ታላቅ ሰው ይዘህ ና» ብለን በትሕትና መለስነው። በማግስቱ ታላቅ እኅቱ አብራው መጣች። መሣሪያው በእውነት የርሱ ነበር፤ እናታቸው ታማ ለመድኀኒት መሸጡ ግድ ሆኖባቸው ነው። እኅትየው ግን እንደ ወንድሟ ዝም አላለችም፤ ተከራክራ፣ ሁለቱን ጆይስቲኮችና ማስታወሻ ካርዱን ለየብቻ አስቈጥራ፣ ከትናንቱ የበለጠ ዋጋ ይዛ ሄደች። ከዚህም የተረዳነው፣ ይህ ልማድ ሌባን ለመከልከል ብቻ ሳይሆን፣ የቸገረውን እውነተኛ ልጅ ከራሱ ችኮላ ለመጠበቅ ጭምር የሚያገለግል መሆኑን ነው።

ስለ ማስታወሻ ካርድ ካነሣን፣ እርሷ 8 ሜጋባይት ብቻ የምትይዝ፣ ከጣት ብዙም የማትበልጥ ቁራጭ ናት። ነገር ግን አንድ ልጅ ለሳምንታት እየመጣ የደረሰበት የውድድር ደረጃ ሁሉ በርሷ ውስጥ ይኖራል። አንድ ሌላ ልጅ ሳያውቅ ቢደመስሰው የሚፈሰው እንባ ቀላል አይደለም። ትልልቅ ሰዎች «ይህ ምን ያስለቅሳል?» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን በያንዳንዷ ካርድ ላይ የባለቤቷን ስም በወረቀት ለጥፈን በሣጥን ቈልፈን እናስቀምጣለን። የሰው ድካም፣ ለሌላው ትንሽ ቢመስልም፣ በአደራ ሲሰጥ እንደ ትልቅ ሊጠበቅ ይገባዋልና።

አሁን ስለ ዳኝነት እንናገር፤ የባንኮኒው ዋና ሥራ እርሱ ነው። በኛ ሱቅ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ሁለት አጋማሽ አለው፤ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ነው። ዋጋው 10 ብር ሲሆን፣ ይህም ገንዘብ በብዙ ጌም ቤት ልማድ የሚከፈለው በተሸነፈው ነው። «ተሸናፊ ከፋይ» ይባላል። ሲሰሙት የጀግንነት ሕግ ይመስላል። ከባንኮኒው ሆኖ ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ጥሩ የሚጫወተው ጐረምሳ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ ብር ሳያወጣ ተቀምጦ ይውላል፤ የርሱን ሒሳብ የሚከፍሉለት አዲስ የሚመጡት ትናንሽ ልጆች ናቸው።

በሰፈራችን ጫማ እየጠረገ የሚያድር፣ ዕድሜው ከአሥራ ሁለት የማይበልጥ አንድ ሊስትሮ አለ። ማታ ማታ ሣጥኑን ከባንኮኒው ሥር አስቀምጦ ይጫወት ነበር። በየቀኑ ይሸነፋል፤ በየቀኑም ለሁለት ይከፍላል። የአንድ ጫማ ዋጋ በአሥር ደቂቃ ሲሄድ እያየን ዝም ማለት አልቻልንም። ከሱቁ ባለቤት ጋር ተነጋግረን፣ ሁለት ተጫዋቾች ሲቀመጡ እኩል እኩል 5 ብር አስቀድመው እንዲከፍሉ ደነገግን። ባለቤቱ አንድ ሳንቲም አልጐደለበትም። ያጕረመረሙት በነጻ መጫወት የለመዱት ብቻ ናቸው። በተጨማሪም ጀማሪን ከጀማሪ፣ የሚችለውን ከሚችለው ጋር ማቀመጥ ጀመርን። ያ ሊስትሮ ባለፈው ሳምንት 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ሲወጣ ግን እየሣቀ ነበር።

መብራት የሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ችሎት ነው። ግጥሚያው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ድርግም ይላል። የሚመራው «አሸንፌአለሁ» ይላል፤ የሚመራበት «አላለቀም» ይላል፤ ቆመው የሚያዩት ደግሞ በሁለት ወገን ተከፍለው ይጮኻሉ፤ ክፍሉም ጨለማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠቡ በየዕለቱ ነበር። በኋላ በትልቅ ወረቀት እንዲህ ብለን ጽፈን በግድግዳው ለጠፍን፤ «በመጀመሪያው አጋማሽ መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ ይመለሳል። በሁለተኛው አጋማሽ ቢጠፋ ግማሹ ይመለሳል። ያላለቀ ግጥሚያ አሸናፊ የለውም።» ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ወደ ወረቀቱ መብራት አብርተው ያነቡና ይስማማሉ። ሕግ ከጠቡ በፊት ሲጻፍ ለሁሉም እኩል ነው፤ ከጠቡ በኋላ ሲነገር ግን፣ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ ለአንዱ ያደላ ይመስላል። በሥነ ዜጋ ክፍል የተማርነውን ያን ጊዜ በዐይናችን አየነው። እኛም በጨለማው ውስጥ ሶኬቶቹን እንነቅላለን፤ መብራት ሲመለስ ኀይሉ ድንገት ከፍ ብሎ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላልና፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተን እንሰካለን።

ስለ ዕድሜም የምንለው አለን። ጨዋታ ሁሉ ለልጅ የተሠራ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ሕዝቡ በአንዳንድ ጨዋታዎች ጭካኔ ተቈጥቶ ጉዳዩ እስከ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ከደረሰ በኋላ፣ በ1994 ኢ.ኤስ.አር.ቢ. የሚባል የጨዋታ ደረጃ መዳቢ ድርጅት ተቋቋመ። በአውሮፓም ከ2003 ጀምሮ ፔጊ በሚባለው ሥርዓት በየሣጥኑ ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ይታተማል፤ ቁጥሩ የሚነግረው ጨዋታው ከስንት ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ እንደሚስማማ ነው። በኛ ሰፈር ሱቆች ግን ብዙው ጨዋታ የሚመጣው ያለ ሣጥን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ተገልብጦ ነው። ዲስኩ ሲገለበጥ ጨዋታው ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን ከሣጥኑ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በኛ አገር ያ ቁጥር ባንኮኒ የቆመው ሰው ራሱ ነው። እርሱ ካላወቀና ካልተናገረ የሚያውቅም የሚናገርም የለም። እኛ በሱቃችን ያሉትን ጨዋታዎች ቁጥር ፈልገን፣ ለ16 እና ለ18 ዓመት የተባሉትን ለይተን በላይኛው መደርደሪያ አስቀምጠናል። የስምንት ዓመት ልጅ መጥቶ ሰው በጥይት የሚረግፍበትን ሲጠይቅ፣ «ለዚህ ገና ነህ» ብለን የመኪና ውድድሩን እንሰጠዋለን። ጥቂት አኵርፎ ይቀመጣል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ሲሮጥበት ይታያል።

ስለ መገልበጥ ከተነሣ አይቀር፣ የጨዋታ ደራሲም እንደ መጽሐፍ ደራሲ የድካሙ ዋጋ እንደሚገባው መዘንጋት የለብንም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጭምር ይጠብቃል። ይህ ነገር የሩቅ አገር ሰዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ከሯጯ ዶሮ ከ«ኩኩሉ» ጀምሮ አባቶቻችን በጠጠር ይጫወቱት እስከ ነበረው «ገበታ» ድረስ በስልክ የሚጫወቱትን ጨዋታዎች አዘጋጅቷል። ነገ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚወጣ ደራሲ ሥራው ያለ ዋጋ ሲገለበጥ ቢያይ ምን ይሰማው ይሆን?

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ የሚመጣው ልጅ ጉዳይ ነው። ከጧቱ በ4 ሰዓት አንድ ልጅ ቦርሳውን እንደ ያዘ ገብቶ 5 ብር ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል። ምን ይደረግ? ነገሩ ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ስለሚያስተምሩ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ከክፍል የጠፋ አይደለም፤ የከሰዓት በኋላ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ዩኒፎርሙን አይቶ ማባረር ንጹሑን ማሳፈር ይሆናል፤ ዝም ብሎ መቀበል ደግሞ የጠፋውን መተባበር ነው።

ለባለቤቱ ሐሳባችንን ብንነግረው፣ «እኔ ባልሸጥለት ማዶ ያለው ይሸጥለታል፤ ልጁም አይማር፣ እኔም አልጠቀም» አለን። ይህን ቃል ብዙ ነጋዴ የሚናገረው ስለ ሆነ አንቀየመውም፤ ደግሞም ኪራይና መብራት የሚከፍለው እርሱ እንጂ እኛ አይደለንም። ሥራችንን እንዳናጣም ፈርተን ነበር። በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በጧት በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ እዚህ ነው?» አሉ። በዚያ ቀን አልነበረም። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ገንዘቡን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ፤ የፈተናውን ውጤት የምቀበለው ግን እኔ ነኝ» ብለው ሄዱ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ባለቤቱ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዓት ዝም አለ።

ማታ ደብተሩን አምጥቶ ከኛ ጋር ሒሳቡን ተመለከተ። በትምህርት ሰዓት ከተማሪ የሚገኘው ገንዘብ እርሱ እንደ ፈራው ብዙ ሆኖ አልተገኘም፤ ትልቁ ገበያ የማታና የቅዳሜ ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣ። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ የመጣ ሁሉ «የጧት ነህ ወይስ የከሰዓት?» ተብሎ በመልካም ቃል ይጠየቃል፤ የተማሪነት መታወቂያውን አሳይቶ ፈረቃው ከተረጋገጠ ይጫወታል፤ ካልሆነ ገንዘቡ ይመለስለታል። ማንም ልጅ ደግሞ በተከታታይ ከሦስት ግጥሚያ በላይ አይጫወትም፤ ተነሥቶ ለሌላው ተራ ይሰጣል። ይህን ደንብ ይዘን በአካባቢው ወዳሉት ሁለት ጌም ቤቶች ሄድን። አንዱ ተቀበለን። ሌላው ግን ሣቀብን፤ እስከ ዛሬም በጧት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ከደጁ አይጠፉም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ ብለን ልንነግራችሁ አንችልም፤ ከሦስት በሮች ሁለቱ ተዘጉ እንጂ።

ወላጆቻችን ስለ ሱስ የሚያስቡትንም እናውቃለን። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከመጠን ያለፈ የጨዋታ ሕመምን አስገብቷል። ምልክቱም ጨዋታውን መግታት አለመቻል፣ ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ማስቀደምና ጕዳት እየታየም መቀጠል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁኔታ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው ሕመም የሚባለው። እንግዲህ ቅዳሜ ሁለት ግጥሚያ የተጫወተ ልጅ ታመመ አይባልም። ነገር ግን ባንኮኒ የቆመ ሰው ከሐኪምም ከወላጅም በፊት የሚያየው ነገር አለ። የምሳ ገንዘቡን የሚያመጣው ማን እንደ ሆነ፣ ተራ ሲያልፈው እጁ የሚንቀጠቀጠው ማን እንደ ሆነ፣ «አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ» እያለ የሚለምነው ማን እንደ ሆነ እርሱ ያውቃል። ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው ሒሳብ ተቀባይ ብቻ ነው፤ «ዛሬ በቃህ፣ ነገ ና» የሚል ግን የሰፈር ታላቅ ወንድም ነው። በነገራችን ላይ ታላቅ እኅትም ልትሆን ትችላለች፤ ከአራታችን አንዷ ባንኮኒ በምትቆምበት ቀን፣ ከዚያ በፊት ገብተው የማያውቁ ሴቶች ልጆች ደፍረው ሲገቡ አይተናል።

ከዚህ ሥራ ምን ተማርን? ሒሳብ ተምረናል፤ መሣሪያ መፍታትና መግጠም ተምረናል፤ ከሚጮኽ ሰው ጋር ሳይጮኹ መነጋገርንም ተምረናል። ከሁሉ በላይ ግን በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አግኝተናል። ጊዜ የሚሸጥ ሰው ለገዢው ሦስት ዕዳ አለበት። አንደኛው እውነት ነው፤ የዕቃውን ጉድለትና የጨዋታውን ዕድሜ መናገር። ሁለተኛው እኩልነት ነው፤ ለሊስትሮውና ለሀብታሙ ልጅ አንድ ዐይነት ጆይስቲክና አንድ ዐይነት ሕግ መስጠት። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ ገንዘቡ በባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ሳለ «በቃ» ማለት ነው። የማይሸጥበትን ጊዜ የማያውቅ ነጋዴ መሸጥንም በሚገባ አያውቅም።

ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን፣ ልጃችሁ የሚሄድበትን ጌም ቤት ከሩቅ ከማማት አንድ ቀን ገብታችሁ እዩት፤ ባንኮኒ የቆመውንም ልጅ በስሙ እወቁት። የሚታወቅ ሰው ከማይታወቅ ሰው ይልቅ ይጠነቀቃል። የተከበራችሁ መምህራን፣ የፈረቃውን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ለአካባቢው ጌም ቤቶች ብትሰጡልን፣ የጠፋውን ከንጹሑ ለመለየት ትልቅ እርዳታ ይሆንልናል። ጓደኞቻችን ተማሪዎች፣ «የጧት ነህ ወይስ የከሰዓት?» ብለን ስንጠይቃችሁ አትቀየሙን፤ ጨዋታው ነገም አለ፣ የዛሬው ክፍል ግን ነገ አይደገምም።